በስድስት ዓመቷ አሥራ ስድስት

ኤዶም ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሲሆናት አራት ነበረች።

በዚያ ዘመን ይህ ማንንም ግራ የሚያጋባ አነጋገር አልነበረም። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። በአዳማም ሆነ በሌላው ከተማ ልጅ አራት ዓመት ሲሞላው ምደባ ጣቢያ ይወሰዳል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ስክሪን ያያል፤ ሲወጣ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ቁጥሩ አራት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ስድስት ነው። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ እየተመለሰ ይታያል።

ድሮ ቁጥሩ የሚለጠፈው ጌሙ ላይ ነበር። ሽፋኑ ላይ «ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ለሆኑ አይፈቀድም» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ ወላጆች ግን አያነቡትም፤ ያነበቡትም ልጁ ሲያለቅስ ይከፍቱለታል። የስድስት ዓመት ልጆች በጥይት የሚወድቅ ሰው እየቆጠሩ አደጉ። ብዙ ተጻፈበት፣ ብዙ ስብሰባ ተደረገበት። በመጨረሻ አንድ ሰው ተነሥቶ ጥያቄውን ገለበጠው፦ የልጅ ሁሉ ስድስት ዓመት አንድ ነው እንዴ? አንዱ በገዛ ጥላው ይደነግጣል፣ ሌላው ምንም አይመስለውም። እንግዲያው ጌሙን ትተን ልጁን እንመዝን። የማይደነግጥ ይለፍ፣ የሚደነግጥ ይቆይ። ሐሳቡን የሰማው ሁሉ ትክክል ነው አለ። ስክሪኖችም የልጆቹን ቁጥር እንዲያውቁ ተደረገ፤ የአሥራ ሁለት ጌም የተከፈተበት ክፍል አራት የሆነ ልጅ ከገባ ስክሪኑ ራሱን ያጠፋል።

የኤዶም አባት ኢዮስያስ ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው ሌላው ሰው የሚያውቀውን ያህል ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሥራው ሊፍት መጠገን። ቤተሰቡ የሚኖርበትን ባለ ሃያ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ጨምሮ የአምስት ሕንፃዎች ሊፍት በእሱ እጅ ነበር። ሚስቱ ፌቨን በኢንዱስትሪ ፓርኩ የተሰፋ ልብስ ትመረምራለች። ልጃቸው አንድ ኤዶም ብቻ ነበረች።

ኤዶም ፈሪ ነበረች። ፊኛ ሲፈነዳ ታለቅሳለች። ውሻ ሲጮህ የአባቷን ሱሪ ጨምድዳ ትይዛለች። በካርቱን ፊልም ውስጥ አንዲት ጥንቸል ከጠፋች፣ ጥንቸሏ እስክትገኝ ድረስ ኤዶም ከሶፋው ጀርባ ናት። ፌቨን ይህን ባሕርይዋን ትወደው ነበር። «ይቺ ልጅ ነገር ቶሎ ይሰማታል» ትላለች። ምደባ ጣቢያው ግን አሥር ጊዜ አይቶ አሥር ጊዜም አራት ነሽ አላት።

የሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የልጆች አዳራሽ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሁሉ እዚያ ተሰብስበው «የደሴቱ ጦር» የሚባል ጌም ይጫወታሉ። የአሥራ ሁለት ጌም ነው። ኤዶም በሩን አልፋ ስትገባ ስክሪኑ ይጠፋል፤ ሃያ የሚሆኑ ልጆች በአንድ ጊዜ ዞረው ያዩዋታል። የሚሰድባት የለም። እስክትወጣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ መግባቱን ተወችና ስክሪኑ የማያያትን ቦታ ኮሪደሩ ላይ ለይታ መቆም ጀመረች። አንድ ቀን ኢዮስያስ የሊፍቱን በር ሊያስተካክል ሲወርድ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ እያዳመጠች አገኛት።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አላት።

«እየተጫወትኩ ነው» አለችው።

ያቺ መልስ አንጀቱን በላችው። በዚያው ሳምንት ደግሞ የኤዶም መምህር አስጠራችው። ትምህርቱ የሚሰጠው በጌም ስለሆነ አንደኛ ክፍል ከጥር ጀምሮ በቁጥር ሊከፈል ነው። አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ላይኛው ምድብ ያልፋሉ፤ ሰባቶቹ ባሉበት ይቆያሉ።

«አራቶቹስ?» አለ ኢዮስያስ።

«አራቶቹ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጋር ይሆናሉ።»

«ታነባለች እኮ። የሊፍቱን የጥገና መመሪያ ሳይቀር ታነብልኛለች።»

«ማንበቡንማ ታነባለች» አለች መምህሯ በትሕትና። «ችግሩ ንባቡ አይደለም።»

ኢዮስያስ ይህን ለሥራ ባልደረባው ለደመላሽ አጫወተው። ደመላሽ ከት ብሎ ሳቀ።

«የኔ ልጅ በአምስት ዓመቱ አሥራ ሁለት የገባው በስለት መሰለህ? አስለምጄው ነው። ልጅ እኮ ይለምዳል! ሁሉም በየቤቱ የሚሠራው ይኸው ነው፤ አንተ ብቻ ነህ ያልሰማህ።»

በማግሥቱ ደመላሽ ከአያቱ የተረፈ አሮጌ የጌም ማጫወቻ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣለት። ቁጥሩ ጌሙ ላይ ይለጠፍ በነበረበት ዘመን የተሠራ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ አያውቅም፤ ማንም ቢኖር አይጠፋም። ኢዮስያስ እቤት ሊከፍተው አልደፈረም። ጣሪያው ላይ ያለው የሊፍት ሞተር ክፍል ግን ቁልፉ የሚገኘው በእሱ እጅ ብቻ ነው። አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ወንበር ይዞ ወጣ፤ ማጫወቻውንም ከአንድ አሮጌ ስክሪን ጋር አገናኘው። ፌቨንን «ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ኤዶምን ሞተሩን ላሳያት ነው» አላት። ፌቨን ደስ አላት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከባድ ነበር። ጌሙ ውስጥ አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ የቤት በር ይሰብራል። በሩ ገና ሲሰነጠቅ ኤዶም ጮኸች፤ ሰውዬው ሲገባ ሱሪዋ ላይ ሸናች። ኢዮስያስ ስክሪኑን አጥፍቶ አቀፋት። ልቧ ደረቱ ላይ ድም ድም ይላል። ሊፍቱን ትቶ ከሃያ ሁለተኛ ፎቅ እስከ ዘጠነኛ ፎቅ በደረጃ ተሸክሟት ወረደ። «በቃ፤ ሁለተኛ አይለመደኝም» አለ ለራሱ፤ ሲልም ከልቡ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ግን ኤዶም ራሷ መጣችና «አባዬ፣ ቅዳሜ እንደገና እንሞክር። እኔ አሥራ ሁለት መሆን እፈልጋለሁ» አለችው።

በኋለኞቹ ዓመታት ኢዮስያስ ይህችን ረቡዕ ደጋግሞ ያነሣት ነበር፦ ራሷ እኮ ናት የጠየቀችኝ። ለሌላ ሰው ተናግሮት አያውቅም። ለራሱ ሲናገረውም ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ያፍር ነበር።

እንደገና ሞከሩ። ጣቢያው ውስጥ መሣሪያው የመዳፍን ላብ ስለሚያይ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ እንድትቀመጥ አስተማራት። በአፍንጫዋ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ አስተማራት። ዓይኗን እንዳትጨፍን አስጠነቀቃት።

«አትሽሺ። እዪው። የሆነ ነገር ማድረግ የለብሽም፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። እስኪያልቅ ዝም ብለሽ መቀመጥ ነው። ሁሉም ያልቃል።»

«ሰው ሲያለቅስስ?»

«ሲያለቅስም።»

ልጅቷ ታዛዥ ነበረች፤ እንዲያውም ትጉ። በሦስተኛው ቅዳሜ መጮኽ አቆመች። በአምስተኛው እጇ መንቀጥቀጡን ተወ። በሰባተኛው ቅዳሜ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ መንደር ሲቃጠልና ሰዎች ከእሳቱ ውስጥ ሲሮጡ፣ ኤዶም ዞር አለችና «አባዬ፣ ዛሬ ምሳችን ምንድን ነው?» አለችው።

ኢዮስያስ ግንባሯን ሳማት። ደስ ብሎት ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ ያን ዕለት ደስ ብሎት እንደነበር በደንብ ያስታውሳል።

በታኅሣሥ ወር ጣቢያ ወሰዳት። መዛኟ ወይዘሮ ሐመልማል የምትባል ጠና ያለች ሴት ናት፤ ሽሮ መልክ ሹራብ ለብሳ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ኤዶም ገብታ አሥራ አንድ ደቂቃዋን ጨርሳ ወጣች። ወይዘሮ ሐመልማል የመሣሪያውን ወረቀት አየች፤ መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ኢዮስያስን ተመለከተችው።

«ልጅዎ ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀሰችው መቼ ነው?»

«እንጃ... አታለቅስም። ደፋር ናት» አለ።

«ባለፈው መስከረም ስክሪኑ ላይ ገና ውሻው ሲመጣ ነበር የወጣችው። ሦስት ወር ነው።»

«ልጅ እኮ ያድጋል።»

ወይዘሮ ሐመልማል ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገችና ፈረመች። ቁጥሩን የሚያወጣው መሣሪያው ነው፤ የእሷ ድርሻ መፈረም ብቻ ነበር። ወረቀቱ ላይ አሥራ ስድስት ይላል። ጣቢያው ሰባት ዓመት ላልሞላው ልጅ አሥራ ስድስት ሰጥቶ አያውቅም ነበር።

ቀጥለው የመጡት ወራት መልካም ነበሩ። ኤዶም አዳራሹ ስትገባ ስክሪኑ አይጠፋም፤ ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጧታል። በላይኛው ምድብ ከሁሉ ትንሿ እሷ ናት፤ ከሁሉ የምትበልጠውም እሷ። ፌቨን በመጋቢት ማርገዟን ስታውቅ ቤቱ ይበልጥ ደመቀ። አንድ ቀን ብቻ፣ የጎረቤት ልጅ ልደት ላይ፣ ስድስት ፊኛ በአንድ ጊዜ ሲፈነዳ ልጆቹ ሁሉ ሲንጫጩ ኤዶም ከኬኳ ላይ ቀና አላለችም።

«ምን ሆናለች ይቺ ልጅ?» አለች ፌቨን በሹክሹክታ።

«አድጋለች» አላት ኢዮስያስ።

ነሐሴ ላይ ፌቨን እርግዝናዋ ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ከሥራ ዕረፍት ወጣች። አንድ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባልዲ ይዛ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ እግሯ አንሸራተታት። ጭንቅላቷ የበሩን ጉበን መታ፤ በሆዷ ወደቀች። ኤዶም ክረምት ስለነበር እቤት ናት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አምቡላንስ የሚጠራ ቀይ ቁልፍ አለ፤ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ እሱን መጫን ተምሯል። የኤዶም እጅ ደግሞ ይደርስበታል። ኢዮስያስ ያን ቀን ሥራው እዚያው ሕንፃ ላይ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከቤቱ ሦስት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ የሊፍት ገመድ እየቀየረ።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ረስቶት የሄደውን ቁልፍ መፍቻ ሊወስድ ወረደ። በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው ኤዶምን ነው። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ወለሉ ላይ፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። እጆቿ ጭኖቿ ላይ ናቸው፤ መዳፎቿ ወደ ላይ ተገልብጠዋል። በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። ከፊቷ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ እናቷ በደምና በውኃ መሀል ተኝታለች።

ኤዶም አባቷን ስታይ ፈገግ አለች።

«አባዬ፣ አልደነገጥኩም። አንዴም ዓይኔን አልጨፈንኩም።»

ኢዮስያስ ከዚያ በኋላ ያደረገውን በቅደም ተከተል አያስታውስም። ቁልፉን ተጭኗል፤ ፌቨንን አቅፏል፤ ሲጮኽ ጎረቤት ደርሷል። አምቡላንሱ በስድስት ደቂቃ መጣ። ስድስት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚፈጅበት።

ፌቨን ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም፤ ወንድ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ኢዮስያስን ወደ ጥግ ወስዶ ሲነግረው ወለል ወለሉን እያየ ነበር። «ግማሽ ሰዓት ቀድማ ብትደርስልን ኖሮ...» አለና ተወው።

«ኤዶም የት ነበረች?» አለች ፌቨን በሦስተኛው ቀን፣ ገና ድምፅዋ ሳይጠራ።

«ተኝታ ነበር» አላት ኢዮስያስ። «ምንም አልሰማችም።»

«እንኳንም አላየች» አለች ፌቨን።

ውሸቱ ዐሥር ቀን ቆየ። በዐሥረኛው ቀን ፌቨን አልጋዋ ላይ ተደግፋ የኤዶምን ፀጉር ታበጥር ነበር። ልጅቷ እንደማንኛውም ወሬ ነገሩን አነሣችው።

«እማዬ፣ አንቺ ስትወድቂ እኔ ምንም አልደነገጥኩም። አባዬ ነግሮሻል?»

ማበጠሪያው ቆመ።

«አይተሽኝ ነበር እንዴ የኔ ልጅ?»

«እስኪያልቅ አየሁሽ። አንቺ ጠርተሽኝ ነበር፤ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። እስኪያልቅ መቀመጥ ነው።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ኤዶም ሁሉንም ነገረቻት፤ መጥረቢያ የያዘውን ሰውዬ፣ ቅዳሜዎቹን፣ ሱሪዋ ላይ የሸናችበትን ቀን ሳይቀር። የሚደበቅ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር። ፌቨን ልጅቷን ጎረቤት አስቀምጣ፣ ቁስሏ ሳይደርቅ፣ የኢዮስያስን መለዋወጫ ቁልፍ ይዛ ጣሪያው ላይ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ኢዮስያስ ሲመጣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

«ወንበሯን አየሁት» አለችው።

ኢዮስያስ መሣሪያ የያዘ ቦርሳውን ሳያወርድ ቆመ።

«ሁለት ወር ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ ካልሲዋን የማጠልቅላት እኔ ነኝ። ሞተር ልታሳያት መስሎኝ።»

«ለእሷ ብዬ ነው ፌቨን። ኮሪደር ላይ ቆማ ብታዪያት...»

«ለእሷ ብለህ እንደሆነማ አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ክፉ ሰው ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ትቼህ እሄዳለሁ፣ ያልቃል። አሁን ምን ላድርግ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን ላድርግ?»

ሰኞ ዕለት ኢዮስያስ ሳያናግራት ወጥቶ ወደ ምደባ ጣቢያ ሄደ። ቁጥሯ ይቀነስልኝ ሊል ነው። ወይዘሮ ሐመልማል ቆማ አዳመጠችው፤ ሲጨርስ በሩን ዘጋችና ወንበር ሳበችለት።

«ቁጥር አይወርድም» አለችው። «ልጅ ወደ ኋላ አያድግም ነው የሚለው መመሪያው።»

«እርስዎ ግን ያን ዕለት አውቀው ነበር።»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

ሴትየዋ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው።

«እኔ እዚህ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አቶ ኢዮስያስ። መሣሪያው የሚለካው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ደንግጧል ወይስ አልደነገጠም። ስለገባው ያልደነገጠ ልጅ አለ፤ ስለደነዘዘ ያልደነገጠ ልጅም አለ። መሣሪያው ሁለቱን አይለይም። ለዩልን ብሎ የጠየቀም የለም። የድሮው ቁጥር ሞኝ ነበር፤ ሁሉንም ልጅ አንድ ያደርግ ነበር። ግን ቢያንስ ስለ ጌሙ ነበር የሚናገረው። ይህ መጥፎ ነገር ነው፣ ቆዩ፣ ይል ነበር። የእኛው ቁጥር ግን ነገሩ መጥፎ ነው አይልም። ልጁ ችሎታል ነው የሚለው። ልጅ ደግሞ ምን የማይችለው አለ?» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ለምን ፈረሙ ላሉኝ፣ የዚያን ዕለት ብቻ ከእርስዎ ልጅ ሌላ አራት ልጆች ላይ ጠርጥሬ ነበር። ለሁሉም ፈረምኩ።»

አንድ መንገድ ብቻ እንዳለ ነገረችው። ወላጅ ልጁን ከቁጥሯ በላይ ለሆነ ነገር ማጋለጡን በጽሑፍ ካመነ፣ የልጅቷ ቁጥር ይሰረዛል። ያን ጊዜ ያልተመደበች ትባላለች፤ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ ድረስም እንደ ያልተመደበች ትቆያለች። ያልተመደበ ልጅ ባለበት የትኛውም ስክሪን አይበራም። አባትየውም ልጆች በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ እንዳይሠራ ይታገዳል።

«ይህን እንዲያደርጉ አልመክርዎትም፤ እንዳያደርጉም አልመክርዎትም» አለች።

ኢዮስያስ ወረቀቱን ሞላ። «ያደረሱት ነገር በዝርዝር» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ «ፈሪ ልጅ ነበረችኝ» ብሎ ጀመረና እስከ ገጹ መጨረሻ ጻፈ።

ኤዶም ከትምህርት ቤቱ ወጣች፤ ክፍሎቹ ሁሉ ስክሪን ስላለባቸው እሷ ያለችበት ክፍል መማር አይችልም። አዳራሹም ተዘጋባት። ሊፍት ውስጥ እንኳ፣ የፎቁን ቁጥር የሚያሳየው ትንሽ መስኮት እሷ ስትገባ ይጨልማል። ኢዮስያስ ይህን ሲነግራት ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ታለቅስልኛለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር ማለት ይሻላል። እሷ ግን «እሺ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

እሱ ከከተማው ወጣ ባሉ መጋዘኖች የዕቃ ሊፍት መጠገን ጀመረ። ፌቨን ሥራዋን ግማሽ ቀን አድርጋ ልጅቷን በወረቀትና በእርሳስ ታስተምራት ገባች። ባልና ሚስቱ አልተለያዩም። ስለ ወጥ ጨው፣ ስለ ውኃ መቋረጥ፣ ስለ ኤዶም ጫማ ይነጋገራሉ። ስለ ሌላው ለመነጋገር አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ከዚያ በኋላም የሚያወሩት በትንሽ በትንሹ ነበር።

በየወሩ የሚያዩዋት የሥነ ልቦና ሐኪም ስሜቷ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አሏቸው። በመሀሉ ኤዶም ራሷ የተማረችው ነገር ነበር። ሰው ሲስቅ ትስቃለች፤ ጥቂት ዘግየት ብላ። ሰው ሲያለቅስ ካየች ሶፍት ታመጣለች፤ አጠገቡም ትቀመጣለች። ሰው ሲወድቅ ቀዩን ቁልፍ መጫን እንዳለባት ታውቃለች፤ ሦስት ጊዜ ጎረቤት ሲያዳልጠው ተጭናዋለች፤ ሦስቱንም ጊዜ አምቡላንስ መጥቶ በከንቱ ተመልሷል። ማንም አልተቆጣትም። ምን መደረግ እንዳለበት ሁሉንም ጠንቅቃ ታውቃለች። ኢዮስያስ አንዳንዴ እጇን ሲይዛት መዳፏ ሁልጊዜ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው።

በሁለት ሺህ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ኤዶም ዘጠኝ ዓመት ሊሆናት ጥቂት ሲቀራት፣ ፌቨን ሴት ልጅ ወለደች። ማኅሌት አሏት። ሕፃኗ ሁለት ወር ሲሆናት አንድ እሑድ ጠዋት ኢዮስያስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አንጥፎላት ልብሷን ይቀይርላት ነበር። ፌቨን ገበያ ሄዳለች። ኤዶም አጠገቡ ቆማ ቁርሷን ትበላለች። በድንገት ክርኑ የነካው ማንኪያ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንቃጨለ።

ማኅሌት ሁለት እጆቿን ወደ አየር ወረወረች፤ ጣቶቿ ተበታተኑ፤ አገጯ ተንቀጠቀጠና ጩኸቷን ለቀቀችው። ኢዮስያስ ደረቱ ላይ አስጠጋት።

ኤዶም መብላቷን አቆመች። «ምን ሆነች?»

«ደነገጠች።»

ኤዶም ቀረብ ብላ መዳፏን የእኅቷ ጀርባ ላይ አሳረፈች። እዚያው አቆየችው።

«በጣም ይመታል» አለች።

«አዎ።»

«ሁሉም ሕፃን እንደዚህ ነው?»

«ሁሉም።»

«እኔም?»

«አንቺማ ከእሷም ትብሺ ነበር» አላት ኢዮስያስ። «እስከ ስድስት ዓመትሽ ድረስ።»

ኤዶም እጇን አላነሣችም። የምታሰላው ነገር ያለ ይመስል ግንባሯን ቋጠር አደረገች።

«ማነው መደንገጥ ያስተወኝ?»

ኢዮስያስ ለሐኪሙ ነግሮታል፤ ለጣቢያው ጽፎታል፤ ለፌቨን አምኗል። ለእሷ ግን ብሎት አያውቅም። ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ጠይቃውም አታውቅም።

«እኔ ነኝ» አላት። «እኔ ነኝ ያስተውኩሽ፣ ኤዶም። ጥሩ ነገር ያደረግሁልሽ መስሎኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልጅቷ ፊቱን አየችው፤ ከዓይኑ ላይ የሚወርደውን አየች። ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ሶፍት አምጥታ እጁ ውስጥ አስገባችለት። ከዚያ እኅቷን እንደገና ተመለከተቻት።

«እሷንስ?» አለች።

«እሷን ማንም አያስተዋትም።»

ኤዶም ራሷን ነቀነቀች። ማኅሌት ዝም ማለት ጀምራለች፤ ሳግ ብቻ ቀርቷታል። ኤዶም ጎንበስ ብላ ማንኪያውን ከወለሉ አነሣችና፣ ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።